ሽማግሌዎቼ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ካርቱም ውስጥ፣ ጦርነቱ ከመነሳቱ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ሰው ለትዳር ሽማግሌ ሲልክ ብዙ ነገር ይፈራል። አባትየው እምቢ ይሉ ይሆን፣ የሽማግሌዎቹ አፍ ይተሳሰር ይሆን እያለ ይጨነቃል። ሽማግሌዎቼ ከልጅቷ አባት ጋር አሳንሰር ውስጥ ተቆልፈው ይቀራሉ ብሎ የሚሰጋ ግን ያለ አይመስለኝም። ያንን አሳንሰር የምጠግነው ደግሞ እኔ ራሴ ነበርኩ። ታዲያ እንዴት ብዬ ልርሳው?

ሥራዬ የአሳንሰር ጥገና ነበር። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ አራት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ አለ፤ የአሳንሰሩ መቆጣጠሪያ ተቃጥሎ አዲስ ቦርድ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ቦርዱ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ እኔ «ዘበኛው» እያልኩ ነው የምጠራት።

የዘበኛው ሥራ አንድ ብቻ ነው። አሳንሰሩን የሚያዘው ፕሮሰሰር አምስት ቮልት ይፈልጋል። ዘበኛው ይህን ቮልቴጅ ቀን ከሌት ሲጠብቅ ይውላል። ቮልቴጁ ከወሰኑ ዝቅ ካለ ፕሮሰሰሩን ያስተኛዋል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ፍሬኑም ግጥም ብሎ ይይዛል። ኃይል ያነሰው ፕሮሰሰር እንደተራበ ሰው ነው፤ የሚናገረውን አያውቅም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ አራተኛ ደረስኩ ሊል ይችላል። ዘበኛው ካለ ግን ሳይሳሳት በፊት ያስቆመዋል።

ችግሩ የካርቱም መብራት ነው። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣም አቅም ያጥረዋል። የሕንፃው ጄኔሬተርም ያረጀ ስለነበር ከመብራቱ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ አሳንሰሩ ቶሎ ቶሎ ይቆም ነበር። ነዋሪዎቹ ተማረሩ። «የድሮው እኮ እንዲህ አይቆምም ነበር» ይሉኛል። «የድሮው ስለማያውቅ ነው» እላቸዋለሁ። መልሴን የወደደልኝ ሰው አልነበረም።

ከሁሉም በላይ የተማረሩት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ መኮንን ናቸው። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ። በፖለቲካ ምክንያት ተሰደው ካርቱም ከገቡ ቆይተዋል፤ ዐማራት በሚባለው ሰፈር በአንድ ቢሮ ሰነድ ይተረጉማሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃ ጠላታቸው ነው። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን የምታስቆመውን ነገር ለምን አትነቅላትም? ቢሯችን ያለውን አሳንሰር በአንዲት ሽቦ አገናኝተው ዘለሏት፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ቆሞ አያውቅም።»

«እሱን አላደርግም ጋሼ።»

«ለምን?»

«ቆሞ የማያውቀውን ነው የምፈራው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቀረ። ብሩክ መባሌ ተረሳና በጋሽ መኮንን አፍ «አቶ አስቁም» ሆንኩ።

ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም፣ ልጃቸውን ሒሩትን ባልወድ ኖሮ። ሒሩት ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። አሳንሰሩ በቆመ ቁጥር አባቷ «ሂጂና መቼ እንደሚሠራ ጠይቂው» ብለው ይልኳታል። እሷም ትመጣለች፤ መሣሪያ ሳጥኔ አጠገብ ቆማ ትጠይቀኛለች። እኔ አስረዳለሁ፣ እሷ ትስቃለች። በዚያ ሕንፃ አሳንሰር ሲቆም ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቆይቶ ግን ሁለት እንደሆንን ነገረችኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ናቸው። አንደኛው ጋሽ ሰይፉ፣ አፈ ቀላጤ፣ ዕርቅና ሠርግ ያለ እሳቸው የማይሆን። ሁለተኛው የወሎው ጋሽ ሁሴን፣ ዝምተኛ፣ ግን ከተናገሩ የሚሰሙ። ሦስተኛው ሱዳናዊው የቤት አከራዬ ሐጂ ኢድሪስ፤ አማርኛ አይችሉም፣ ነገር ግን «ልጄ ሲያገባ አልቀርም» ብለው ነጭ ጀለቢያቸውን አሳጥበው ቀረቡ።

ጋሽ ሰይፉ አስቀድመው አስጠነቀቁኝ። «ዛሬ እሺ ይሉናል ብለህ እንዳትጠብቅ። ወጉ ነው። ሻይ ጠጥተን፣ ዘመድ ላማክር ተብለን፣ ቀጠሮ ይዘን እንመለሳለን። ቀጠሮ ከሰጡን ጥሩ ነው። ካልሰጡን ግን በቃ፣ አርፈህ ሥራህን ሥራ።» እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነበር፤ አቶ አስቁም ቀጠሮ የሚሰጠው አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ነበር፣ ከአስር በኋላ። ሽማግሌ የላከ ሰው እዚያ አካባቢ ዝር አይልም። እኔ ግን ከሕንፃው ማዶ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀምጬ፣ በዚያ ሙቀት ሱፍ ለብሼ፣ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ሱፉን ለምን እንደለበስኩት አሁንም አላውቅም።

ጋሽ መኮንን ሽማግሌዎቹን ሊቀበሉ እስከ ታች በር ድረስ ወረዱ። የልጅቷ አባት እንዲህ አያደርግም፤ ቤቱ ኮራ ብሎ ነው የሚጠብቀው። እሳቸው ግን ካርቱም ብዙ ስለቆዩ የሱዳኖቹ አቀባበል ተጋብቶባቸዋል። «ኢትፈደሉ! ኢትፈደሉ!»፣ ግቡ፣ ግቡ እያሉ አራቱም ተያይዘው አሳንሰሩ ውስጥ ሲገቡ ከማዶ አየኋቸው። ደስ አለኝ። አቀባበሉ ጥሩ ነው አልኩ በልቤ።

ሻዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። የሕንፃው በር ጠባቂ አም ኡስማን ናቸው።

«ያ ባሽሙሐንዲስ» አሉኝ፣ አንተ መሐንዲስ ማለታቸው ነው። «አሳንሰሩ ቆመ። ሰዎች ውስጥ አሉ። ቶሎ ና፣ ያላ!»

«እነማን ናቸው?» አልኩ፣ የማላውቅ ይመስል።

«ጋሽ መኮንንና እንግዶቹ። ሁለተኛና ሦስተኛ መካከል።»

ክው አልኩ። ሄጄ ብታይ ወግ አፈረሰ ይሉኛል። ብቀር አስቁም አስቁሞን ጠፋ ይላሉ። እግሬ ግን ሳልወስን መንገዱን አቋርጦ ነበር። መሣሪያ ሳጥኔን ከአም ኡስማን ክፍል ይዤ በደረጃ ጣሪያ ላይ ወደሚገኘው የሞተር ክፍል ወጣሁ። አራተኛ ፎቅን ሳልፍ በጫማዬ ጫፍ ነበር፤ ከቤቱ የሚወጣውን የምግብ ሽታ ልብ አላልኩትም።

የሞተሩን ክፍል ከፈትኩ። የዘበኛው ቀይ መብራት በርቷል። የከተማው መብራት ስለሄደ ሕንፃው በጄኔሬተር ላይ ነበር። ለካሁት። ቮልቴጁ ወርዷል፤ ትንሽ ከፍ ይልና መልሶ ይወድቃል። አንድ የሚጎትተው ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ ግን አይታይም። አሳንሰሩን በእጅ ለማንቀሳቀስ ሥራውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ባልደረባዬ ከወንዙ ማዶ ኡምዱርማን ነበር። ደወልኩለት፤ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ኢንሻላህ» አለኝ። ካርቱም የኖረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ለጋሽ ሰይፉ ልደውል ስል የጽሑፍ መልእክት ገባልኝ። ከራሳቸው ከጋሽ ሰይፉ ነው። «አትቸኩል። ጥሩ ይዘናቸዋል» ይላል።

ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። ሰውየው አሳንሰሩን የሽምግልና ዳስ አድርገውታል! ለነገሩ ጋሽ መኮንን የትም አይሄዱም፤ ከመሃል ሆነው ሊሰሙ ግድ ነው። እኔ ግን ውስጡ እንዴት እንደሚሞቅ አውቃለሁ። ደወልኩ።

ያነሱት ጋሽ መኮንን ነበሩ። ስልኩን ከጋሽ ሰይፉ እጅ ነጥቀዋል።

«አንተ ነህ? ምን እያደረግህ ነው?»

«ቮልቴጁ ወርዷል ጋሼ። ዘበኛው ነው ያስቆመው። ደኅና ናችሁ?»

«ደኅና ነን ወይ ይለኛል! እኔ ያን ጊዜ ምን አልኩህ? አልነገርኩህም? በል አሁን ያቺን ሽቦ አገናኝና አውጣን!»

ሽቦዋ አለችኝ። ሳጥኔ ውስጥ፣ ከላይ ተቀምጣለች። እሺ ብላቸው ምናልባት በደኅና ይወጡ ይሆናል፤ እኔም ታዛዥ ልጅ ተብዬ ቀጠሮ ይሰጠኝ ይሆናል። ሒሩትን ላጣት የምችለው በአንዲት ቃል ነበር፤ ላገኛትም የምችለው በአንዲት ሽቦ። በዚያ የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ግን ፕሮሰሰሩ ምን እንደሚያስብ እግዜር ነው የሚያውቀው።

«አላገናኝም ጋሼ።»

«ምን አልክ?»

«አላገናኝም። እናንተ ውስጥ እያላችሁ አላገናኝም።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞሩ መሰለኝ፤ ድምፃቸው ራቅ ብሎ ተሰማኝ። «ሰማችሁት? ልጄን ስጡኝ ብሎ እናንተን ልኮ እኔን እምቢ ይለኛል! ይሄን ነው አማች አድርግ የምትሉኝ?»

«ልጁ ቀጥተኛ ስለሆነ ነው ጋሽ መኮንን» አሉ ጋሽ ሰይፉ።

«ቀጥ ያልኩስ እኔ ነኝ፣ ግድግዳ ተደግፌ!»

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ሱፌን አውልቄ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ዓይኖቼ እንባ አዘሉ ብል አላጋነንኩም። ቢሆንም እጄ ወደ ሽቦዋ አልሄደም። ግትር ነኝ፤ እናቴም በዚህ ትወቅሰኝ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ሒሩት ናት። የልጅቷ ወግ ደግሞ ጓዳ መደበቅ ነበር። አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ጣሪያው ላይ ቆማለች።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ቮልቴጁን የሚጎትተው ነገር አለ። ምን እንደሆነ አላወቅሁትም።»

ሒሩት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ብሩኬ… የጋዝ አምቡባው አልቆብን ነበር እኮ። ጋዝ በከተማው ጠፋ። እማዬ ከጎረቤት ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ለምና ነው የምታበስለው።»

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። የስልኩን ማጉያ ከፍቼው ስለነበር ጋሽ መኮንን ሁሉንም ሰሙ።

«ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

ሒሩት ደፋር ናት። «እኔ ነኝ አባዬ።»

«አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ቆይ ቆይ… ምድጃ አልሽኝ? ለሻይ ምን ምድጃ ያስፈልጋል? በፔርሙዝ ተቀምጦ የለም እንዴ?»

ሒሩት የቀሚሷን ጫፍ ታስተካክል ጀመር።

«ሒሩት! እናትሽ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ዶሮ» አለች ሒሩት ቀስ ብላ። «ጥብስም። አልጫም አለ።»

ከስልኩ ውስጥ የጋሽ ሰይፉ ሳቅ ተሰማ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቀጠሮ ይዞ ለሚሄድ ሽማግሌ ማንም ሰው ዶሮ አይሠራም። ዶሮ የሚሠራው እሺ ያለ ቤት ነው። የሒሩት እናት እትዬ ዘነበች ባላቸውን ሳያማክሩ በድስት ወስነዋል!

«ቀጠሮ ልሰጥ ነበር እኮ የወረድኩት» አሉ ጋሽ መኮንን፣ እንደ መደንገጥ ብለው። ቀጠሮ! ሊሰጡኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ደስታውን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት።

«ምድጃዎቹ ይጥፉ» አልኳት ሒሩትን። ሮጣ ወረደች። የእትዬ ዘነበች ድምፅ እስከ ጣሪያው ተሰማኝ።

«አላጠፋም! ሥጋው ጥሬ ነው! እንግዶቹ ምን ሊበሉ ነው?»

«እማዬ፣ እንግዶቹ አሳንሰር ውስጥ ናቸው!»

«ሲወጡስ አይርባቸውም?»

ብቻ በልመናም በጩኸትም ምድጃዎቹ ጠፉ። ቮልቴጁ ከፍ አለ። ተስፋ አደረግሁ። ግን ከወሰኑ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ቀዩ መብራት እንደበራ ነው።

«ሌላ ምድጃ አለ!» ብዬ በደረጃው ቁልቁል ጮህኩ።

«የለም!» መለሱልኝ እትዬ ዘነበች ራሳቸው። «ሁለት ነው ያለኝ፣ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ። የማርያምን!»

መለኪያዬን አየሁ። መለኪያ አይዋሽም፤ እትዬ ዘነበችም በማርያም ስም አይዋሹም። ግራ ገባኝ። ይኼኔ ስልኩ ውስጥ ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሚስታቸውን ስንት ዘመን ነው የሚያውቋቸው።

«ዛሬ ከእንግዶቹ ሁለቱ እስላሞች ናቸው» አሉ። «ዘነበች ለእነሱ የክርስቲያን ሥጋ አታቀርብም። ኡም ሰልማ ቤት እዩ!»

ኡም ሰልማ በዚያው ፎቅ ፊት ለፊት የሚኖሩ ሱዳናዊት ጎረቤታቸው ናቸው። ሒሩት በሩን አንኳኳች። እውነትም እሳቸው ቤት ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ የእስላም ሥጋ፣ ለጋሽ ሁሴንና ለሐጂ ኢድሪስ ተብሎ ለብቻው የተሠራ። እትዬ ዘነበች በማርያም የማሉት ለራሳቸው ቤት ብቻ ነበር።

በስልኩ ውስጥ የጋሽ ሁሴን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማኝ። «ለእኛም አስባልናለች» አሉ። «አላህ ይስጣት። ጋሽ መኮንን፣ ከዚህ በኋላ ምን ዘመድ ያማክራሉ?»

ሦስተኛው ምድጃ ጠፋ። ቮልቴጁ ወሰኑን አለፈ። ዘበኛው ግን ወዲያው አያምንም፤ መጽናቱን እስኪያይ ይጠብቃል። እኔም አብሬው ጠበቅሁ። ቀዩ ጠፋ፣ አረንጓዴው በራ፣ ሞተሩ ጉርርር አለ። ያን ድምፅ ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አራተኛ ፎቅ ወርጄ በሩ ፊት ቆምኩ። መደበቁ ትርጉም አልነበረውም። አሳንሰሩ መጣ፣ ተስተካክሎ ቆመ፣ ተከፈተ። አራቱም በላብ ርሰዋል። የሐጂ ኢድሪስ ጀለቢያ ገላቸው ላይ ተለጥፏል። ከሚባለው አንድም ቃል ሳይገባቸው ያን ሁሉ ጊዜ የቆሙት ሐጂ፣ እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ኸላስ? ዐረስታ?» አሉኝ። አለቀ? አገባህ? ማለታቸው ነው።

ሁሉም ጋሽ መኮንንን ነበር የሚያየው። እሳቸው እኔ ፊት ቆመው መሐረባቸውን አወጡና ግንባራቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ውስጡ የነበርነው እኛ ባንሆን፣ ባዶ ቢሆንስ ታገናኘው ነበር?»

«ባዶም ቢሆን አላገናኝም ጋሼ።»

«እንግዲያው እምቢታህ ለእኔ ብቻ አይደለም።»

«አይደለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በተከፈተው የቤታቸው በር ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ትልቁ ጠረጴዛ በአዲስ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ እትዬ ዘነበች ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ጋሽ መኮንን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«እኔ ቀጠሮ ልሰጣችሁ ነበር» አሉ። «ቤቱ ግን እሺ ብሏል። አባት ነኝ ብዬ ከድስት ጋር ልከራከር? ግቡ። አንተም ሱፍህን ልበስና ግባ፤ ጣሪያ ላይ ነው መሰለኝ የተውከው።»

እልልታውን ያቀለጡት ኡም ሰልማ ናቸው። ሥጋው ግን እንደተባለው ጥሬ ነበር፤ አሳንሰሩን ማንም እንዳይጠቀምበት አም ኡስማን በር ላይ ተቀምጠው፣ ምድጃዎቹ እንደገና ተለኩሰው፣ በረሃብ ሞተን ጠበቅን።

ዛሬ የምንኖረው ጎንደር ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም የለበስነውን ይዘን ወጣን፤ ያ ሕንፃ ይቁም ይፍረስ አላውቅም። ሐጂ ኢድሪስና ኡም ሰልማ የት እንደገቡ አጣርቼ አላገኘሁም፤ ሳስባቸው ሆዴ ይባባል። ጋሽ መኮንንና እትዬ ዘነበች ከእኛ ጋር ናቸው። ቤታችን ምድር ላይ ነው፤ ጉልበታቸው አርፏል።

እንግዳ ሲመጣ ጋሽ መኮንን ይህን ታሪክ ማውራት ይወዳሉ። በእሳቸው አወራር ሽቦውን ላገናኝ የፈለግሁት እኔ ነኝ። «አንተ ልጅ፣ በሰው ሕይወት አይቀለድም፣ እንዳታገናኝ! ብዬ ከውስጥ ሆኜ ጮህኩበት» ይላሉ። እንግዶቹ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሒሩት ታየኛለች፤ እኔም ሳቄን እውጣለሁ እንጂ አላርማቸውም። ልጃቸውን ሰጥተውኝ የለ? ታሪኩን እሳቸው ቢወስዱት ምን አለበት።